ሹራቡ 1200 ነው ወይስ 950? ስለሚሰመርበት ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከአምስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ ከኮምቦልቻ፣ ሦስቱ ከዚሁ ከደሴ። አንዱማ «አንተን ይመለከታል» ብሎ የሚስቅ ፊት ጨምሮበት ነው የላከው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስላለችኝ፣ የሰፈር ነጋዴ የቴሌግራም ማስታወቂያውን እኔ ጋ ነው የሚያጽፈው። ጽሑፉ ደግሞ ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ ነው። ቃላችሁን የምታስገቡባቸው ነጻ ድረ ገጾች አሉ፣ መሃሉ ላይ ወይም ከስሩ ተሰምሮበት ይወጣላችኋል፣ ኮፒ አድርጋችሁ የትም ትለጥፋላችሁ። አማርኛ የሚጽፍ ነጋዴ፣ ማኅበርና መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ይጠቀም ነው የሚለው።

ሐሳቡን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የጽሑፉ ባለቤት ወንድማችን ፊደሉ ያው ፊደል ነው፣ የተጨመረው መስመር ብቻ ነው ይላል። የትም ይሠራል ይላል፤ ፌስቡክ ላይም፣ ቲክቶክ ላይም፣ በአጭር መልእክትም። የድሮውን ዋጋ ሰርዞ አዲሱን ከጎኑ መጻፍ ሐቀኝነት ነው፣ ደንበኛ ያምናል ይላል። ከስር ማስመርማ ከብራናው ዘመን ጀምሮ የኛው ወግ ነው፣ ታይፕ ጸሐፊዎቻችንም ሲያሰምሩ ነው የኖሩት ይላል። በመጨረሻም ማንንም ስለማይጎዳ፣ የሚቃወሙት አዲስ ነገር የማይወዱ ሰዎች ናቸው ብሎ ይዘጋል።

አዲስ ነገር የማይወደው እኔ ነኝ መሰለኝ። እስቲ በተራ እንየው።

ፊደሉ ያው ፊደል ነው የሚለው ስህተት ነው፣ የሌላውም ስህተት ሥር እሱ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል ሰንጠረዥ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ሲያስገባ ከ1200 ጀምሮ ነው ያስቀመጠው። (ርዕሱ ላይ ያለው የሹራቡ ዋጋ 1200 መሆኑ አጋጣሚ ነው።) ሀ 1200፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202 እያለ ይቀጥላል። እነዚያ ድረ ገጾች ታዲያ መስመር አይስሉም። ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ ቁጥሩ 0336 የሆነ ሌላ ምልክት ይሰካሉ። ለከስር መስመር ደግሞ 0332ን። ምልክቶቹ ብቻቸውን አይቆሙም፣ ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ይደረባሉ። ዓይናችን አንድ መስመር ያያል፣ ስልኩ ግን የሚያየው ሌላ ነው። «ሹራብ» ሦስት ፊደል ነው። ሲሰመርበት ስድስት ይሆናል።

ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። አንዷ ሹራብ ነጋዴ ደንበኛዬ ቻናሏ ላይ የዕቃዎቿን ስም ሁሉ ከስር አስምራ ለጠፈች። እውነት ለመናገር ያምራል። ከዚያ አንድ ቀን «የሸጥኩትን ዕቃ ላጠፋ ስሙን ብፈልግ አላገኘውም» ብላ መጣች። እንዴት ይገኛል? የምትፈልገው ሦስት ፊደል፣ የተጻፈው ስድስት። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ አንዳንድ ብሮውዘር ምልክቱን ዘሎ ቃሉን ያገኛል። ብዙ ቦታ ግን አያገኘውም፣ ደንበኛ ደግሞ የቱ ብሮውዘር ብልህ እንደሆነ እያጠና ሹራብ አይፈልግም። ዋጋው ላይ የባሰ ነው። ከስሩ የተሰመረበትን 950 ኮፒ አድርጋችሁ ኤክሴል ላይ ለጥፉትና ደምሩ። አይደመርም። ለኤክሴል ያ ቁጥር መሆኑ ቀርቷል፣ ተራ ጽሑፍ ነው። ዓመት ጠብቃችሁ ሒሳብ ስትዘጉ ነው የሚገባችሁ።

ወንድማችን ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ አለ። እነዚህ ምልክቶች በኛ ፊደል ልክ አልተሰፉም። በብዙ ፎንት ላይ ርዝመታቸው ለቀጭን የላቲን ፊደል የተለካ ነው፣ እና ጨ ወይም ሠ ላይ ሲያርፉ መሃሉን ብቻ ነክተው ይቆማሉ፤ መስመሩ እንደተበጠሰ አጥር ይሆናል። ፎንቱ ምልክቱን ጭራሽ ከሌለው ስልኩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፣ የተበደረው ደግሞ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ወይ ባዶ ሳጥን ይወጣል።

ይህ የውበት ጉዳይ ነው እንበል፣ እንለፈው። የማይታለፈው የንባቡ ነው። የኛ ፊደል ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው። ካዕቡ ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ በምትወጣ ጭረት ነው የሚለየው፣ ለ እና ሉ፣ በ እና ቡ። ሣልሱ እግሩ ላይ ባለች ጭረት፣ ለ እና ሊ። አሁን በወገቡ መስመር አሳልፉበት። ከዚህ በታች ሁለት ቃል አለ፤ ስልኩን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ የቱ ስለ አንድ ሰው፣ የቱ ስለ ብዙ ሰው እንደሆነ ንገሩኝ።

ከ̶ፈ̶ለ̶ ከ̶ፈ̶ሉ̶

በእናንተ ስልክ እንዴት እንደታየ እኔ አላውቅም። ነገሩም እሱ ነው፤ የለጠፈው ሰው ተመልካቹ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ከስር ሲሰመርም እንዲሁ ነው፣ የሣልሱ ጭረት ከመስመሩ ጋር ይቀላቀላል። «ለመጣ ሰው» እና «ሊመጣ ያለ ሰው» አንድ አይደሉም፣ በተለይ ድግስ ላይ። በላቲን ፊደል ይህ ችግር የለም አልልም። ግን እነሱ አናባቢያቸውን ለብቻው ስለሚጽፉት መስመር ቢያልፍበትም ቃሉ ይገመታል። የኛ አናባቢ ያለው መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው።

የትም ይሠራል ወደሚለው ልሂድ። ይህን ያመንኩት እኔ ራሴ ስለነበርኩ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ።

የሰፈራችን ቅሬ (እድር ማለት ነው) ስብሰባ ቅዳሜ ተብሎ ከተነገረ በኋላ ወደ እሁድ ተዛወረ። መልእክት የምልከው እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተር ያለኝ እኔ ስለሆንኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ «ቅዳሜ» የሚለውን በመስመር ሰርዤ ከጎኑ «እሁድ» ብዬ፣ 3 ሰዓት ጨምሬ፣ በአጭር መልእክት ለሁሉም በተንኩት። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንድ ጎረቤታችን፣ እኛ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «አንተ ልጅ፣ ስብሰባው የታለ?» አሉኝ። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ። ቅ፣ ሳጥን፣ ዳ፣ ሳጥን፣ ሜ፣ ሳጥን፣ ከዚያ እሁድ። «መልእክቱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው የመጣው፣ ግን ቅዳሜም እሁድም መሆኑ ገባኝ» አሉ። ብቻቸውን አልነበሩም። ሌሎች ስምንት ሰዎች ቅዳሜ መጥተው ተመልሰዋል፤ ከነሱም ሁለቱ ተናደው እሁድ ቀሩ። አባባ ሻይ ጠጥተው ሲወጡ «ቀኑ ተቀይሯል ብትል ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ገንዘቡንም አስቡት። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አማርኛ ሲገባበት 70 ብቻ ነው። ይህ ድሮም የሚያበሳጨን ነገር ነው። እንግዲህ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 60 የሆነ መልእክት አለኝ እንበል፣ በአንድ ይሄዳል። ከውስጡ 15ቱን ልሰርዝ ብል 15 ምልክት ይጨመርና 75 ይሆናል። ሁለት መልእክት ሆነ። ቃል ሳልጨምር፣ ዋጋው ግን እጥፍ። ለመቶ ሃያ አባል ስትልኩት ልዩነቱ ይታወቃል፣ የቅሬ ገንዘብ ደግሞ የቀብር ገንዘብ ነው፣ አይቀለድበትም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚል፣ ቴሌግራም ራሱ መሰረዣም ማስመሪያም አለው። ቃሉን ይዛችሁ ስትመርጡ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ወይም ለመሰረዝ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት የሞገድ ምልክት (~~) ታደርጋላችሁ። ዋትስአፕ ላይ አንድ አንድ (~) ይበቃል፣ ማስመሪያ ግን የለውም። እንዲህ ስታደርጉ ፊደሉ ውስጥ ምንም አይገባም። መተግበሪያው መስመሩን ከላይ ይስለዋል፣ ስር ያለው ቃል ንጹህ ነው። ሲፈለግ ይገኛል፣ መስመሩም በፊደሉ ስፋት ልክ ይሳላል፣ አይቆራረጥም።

እዚህ ላይ ግን ለወንድማችን ሁለት ነጥብ ልስጠው፣ ይገባዋል። ፌስቡክ ተራ ፖስት ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፤ መስመር የግድ ካስፈለገ ያለው መንገድ የሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኔን ራሴን የሚያስጨንቀኝ ነው። የቴሌግራሙ መስመር ከቴሌግራም ሲወጣ ይጠፋል። «1200» ሰርዛችሁ «950» የጻፋችሁትን አንድ ሰው ኮፒ አድርጎ በአጭር መልእክት ቢልከው፣ የሚደርሰው «1200 950» ነው፣ ሁለቱም ጤነኛ ቁጥር። የሱ ምልክት ግን ፊደሉ ውስጥ ስለተሰካ አብሮ ይጓዛል። ይህ እውነት ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ግን እሱ ከሚረዳው የተለየ ነው፤ ዋናው መልእክት መስመሩ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ በየትኛውም መንገድ ይወድቃል፣ አንዱ ስልክ ሳጥን ያደርገዋል፣ ሌላው ጭራሽ ያጠፋዋል። «ድሮ 1200፣ አሁን 950» ብሎ መጻፍ ግን በአባባ ስልክም ይነበባል።

ሐቀኝነት የሚለውን ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም። የድሮ ዋጋን ማሳየት ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ግን ሐቀኛ የሚያደርገው መስመሩ አይደለም፣ ሹራቡ በእርግጥ በ1200 ተሸጦ ማወቁ ነው። ጠዋት 950 ሊሸጥ ያሰበውን ማታ ላይ «1200» ብሎ ጽፎ የሚሰርዝ ስንት አለ! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ሲከለክል መስመር የተሰመረበትን ለይቶ አልተወም። ደግሞስ በኛ አገር የተሰረዘ ነገር እምነት ይጨምራል ያለው ማነው? ደረሰኝ ላይ፣ ውል ላይ፣ ቼክ ላይ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ተቀባይነት የለውም» ስንባል ነው ያደግነው። እኔ ሱቅ ማመልከቻ ላይ አንድ ቃል ቢሰረዝ ባለጉዳዩ «እንደገና ጻፍልኝ፣ ይመልሱብኛል» ይላል። ያ ሰው ማታ ቴሌግራም ከፍቶ የተሰረዘ ዋጋ ሲያይ ልቡ ወዲያው ሐቀኝነት የሚያነብ አይመስለኝም።

ለቀልድ ሲሆን ግን አልከራከርም። «ዛሬ ሥራ ስሠራ ዋልኩ» ብሎ «ሥራ ስሠራ» የሚለውን ሰርዞ «ተኝቼ» የሚጽፍ ጓደኛ አለኝ፣ ሁሌም ያስቀኛል። ቀልዱ ቢሰበር ማንም ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ላይ አይቆምም።

የወጉ ነገር። ይህን በደስታ ነው የማነሳው፣ ብራና ካልን ሐይቅ እስጢፋኖስ ደጃችን ነውና። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዛሬም በሊቃውንት ይጠናል። የኛ ጸሐፍት አንድን ቃል ከፍ ማድረግ ሲፈልጉ ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር? ቀለም ይቀይራሉ። የፈጣሪን ስም፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳኑን፣ የምዕራፉን መጀመሪያ በቀይ ይጽፋሉ። ሲሳሳቱስ? ብዙ ጊዜ ብራናውን በቢላ ይፍቁታል፣ ከላዩ ደግመው ይጽፋሉ። ብራና ውድ ነው፣ ፊደሉም ለሚያነበው ሰው ግልጽ መሆን አለበት።

መስመርማ አለ። ከላይም ከታችም የሚሰመር አለ፣ ግን እሱ ጌጥ አይደለም፣ አኃዝ ነው። ፩፣ ፪፣ ፫ን ተመልከቱ፤ ላያቸውና ታቻቸው ላይ ያለው መስመር «እኔ ቁጥር ነኝ» የሚል ነው። እንግዲህ ወንድማችን እንደሚለው ፲፪ን ከስር እናስምር። ከታች ሁለት መስመር ሆነ። የመጀመሪያው ቁጥር መሆኑን ይናገራል፣ ሁለተኛው ምን ይናገራል? እኔ የሰርግ መጥሪያ ስሠራ ቀኑን በግዕዝ አኃዝ አድርጉልን የሚሉ አሉ፣ አንዱ ከስር አስምርልኝ ብሎ ድርቅ አለ። አሰመርኩለት። ሙሽራው ሲያየው «ይኼ የመኪና ታርጋ ነው እንዴ?» አለ።

የታይፑ ግን የወንድማችን ጠንካራ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች የሚያውቅ ሁሉ «ጉዳዩ፡-» የሚለው ከስሩ ተሰምሮ ካልመጣ ደብዳቤ ደብዳቤ አይመስለውም። እኔም እስካሁን አሰምራለሁ። ግን ለምን ይሰመር ነበር? ታይፕ እንደ ኮምፒውተር በቀላሉ ማድመቅ ስለማይችል ነው። አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት መጠን። ስለዚህ ጽፎ፣ ወደ ኋላ መልሶ፣ ከስር ሰረዝ መምታት ነበር ያለው መላ። የአማርኛ ታይፕማ ከዚህም የባሰ ብልሃት ነበረበት፣ ከነኢንጂነር አያና ብሩ ዘመን ጀምሮ ያን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ለማውጣት የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ እየመቱ መደራረብ ያስፈልግ ነበር። መደረብ ለኛ አዲስ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ የተደረበ ነገር እዚያው ወረቀት ላይ መቅረቱ ነው። ወረቀት አይፈለግም፣ አይደመርም፣ በሌላ ሰው ስልክ ሳጥን አይሆንም። ዛሬ ማድመቂያ አለ፣ ማተለቂያ አለ፣ ቀይ ቀለምም አለ፣ እንደ ብራናው።

ኢንተርኔት ላይ ከስር የተሰመረ ነገር ደግሞ አንድ ሌላ ትርጉም ይዟል፤ ንካኝ፣ እከፈታለሁ ማለት ነው። ያቺው ሹራብ ነጋዴ «አድራሻ፡ ሸዋ በር» የሚለውን አስምራ ለጥፋ ስንት ሰው «ሊንኩ አይከፍትም» ብሎ ጻፈላት።

ማንንም አይጎዳም ላለው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልክ የሚጠቀሙት ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። ኢስፒክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል። እንዲህ ያለ አንባቢ ያ የተሰካ ምልክት ሲገጥመው ወይ ቃሉን ፊደል በፊደል ይሰባብረዋል፣ ወይ በየፊደሉ መሃል የምልክቱን ስም ይጠራል፣ ወይም ዝም ብሎ ይዘለዋል። መዝለሉ የተሻለ ይመስላል፤ ግን ያን ጊዜ ሰውየው የሚሰማው «ሹራብ 1200 950 ብር» ነው። የትኛው ነው የቀረው? እርግጥ የቴሌግራሙንም መስመር ብዙ አንባቢ አይናገረውም፣ በዚህ በኩል የኔም መንገድ ንጹህ አይደለም። ለዚህ ነው «ድሮ» እና «አሁን» የሚሉትን ሁለት ቃላት የሙጥኝ ያልኩት። ሦስት ሦስት ፊደል ብቻ ናቸው፣ ማንኛውም ድምፅ ያነባቸዋል።

«ድሮ» ሁለት ፊደል መሆኑን አሁን አየሁ። ጭራሽ ርካሽ ነው።

ወንድማችንን አላውቀውም፣ አጻጻፉን ግን ወድጄዋለሁ፤ ከኮምቦልቻ ከሆነ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መምጣት ነው፣ ቡናው በኔ። የሚወደውን ዓረፍተ ነገር መሃሉን አስምሮ ይምጣ። አባባ ቅዳሜ ጠዋት አይቀሩም፣ በሳቸው ስልክ ልከን እናየዋለን።